መስከረም አንድ የተወለዱ ሰዎች

እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል፣ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ገበሬ ሁሉ ልደቱ መስከረም አንድ ነው። የደብረ ወርቁም፣ የጉንደ ወይኑም፣ የአማኑኤሉም። አትሳቁ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "መቼ ተወለዱ?" ስትል ሰውየው "እናቴ የአንበጣው ዓመት ትለኝ ነበር" ይላታል። ኮምፒዩተር አንበጣ አያውቅም። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ካልሞሉለት ወደሚቀጥለው አያሳልፍም፤ ሰልፉ ደግሞ ከበሩ እስከ አጥሩ ደርሷል። ልጅቱ ዕድሜውን በዓይኗ ትገምትና መስከረም አንድ ብላ ትመታዋለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ይህን የምጽፈው እሷን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንም አይካፈለኝ።

ራጅ አንሺ ነበርኩ። ሆስፒታሉ ከማርቆስ ብዙም አይርቅም፤ ስሙን ተዉት። ነጭ ጋውን ስለምለብስ ባላገሩ ሁሉ ዶክተር ይለኛል፣ እኔም አላርምም ነበር። አፌ ክፉ ነው። "ልብስህን አውልቅ! ደረትህን አስጠጋ! አየር ሳብ፣ ያዝ! ያዝ አልኩህ እኮ ሰውዬ፣ በምን ቋንቋ ልንገርህ?" ስል ውጭ ድረስ ይሰማል። ሽማግሌ ከወጣት አልለይም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ልብሳቸውን እየለበሱ "ልጄ፣ አንተን ከማየት ሳሉ ይሻለኛል" አሉኝ። ሰልፈኛው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ለሚቀጥለው ሰው ግን ያው ነበርኩ።

ድሮ ሥራው ቀላል ነበር። ፊልሙን ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ፣ እሰቅላለሁ፣ ሲደርቅ ከቡናማ ፖስታ ከትቼ ለበሽተኛው በእጁ እሰጠዋለሁ። የገዛ ሳንባውን በብብቱ ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። ከሠርግ ፎቶው ጎን የሚሰቅልም አይቻለሁ። የሰው ደረት ከሰው ደረት የሚቀላቀልበት መንገድ አልነበረም፤ ባለቤቱ አይለቀውማ።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲሱ ማሽን መጣና ፊልም ቀረ። ምስሉ በቀጥታ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ችግሩ፣ የራጅ ክፍሉ ኮምፒዩተርና የካርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር አይተዋወቁም ነበር፤ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች አንዱ ያለውን ሌላው አይሰማም። ያው አንድ ሰው እኔ ዘንድ አንድ ጊዜ፣ ካርድ ክፍል ሌላ ጊዜ ይመዘገባል። ኋላ ከአዲስ አበባ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ተልኮ መጣና ሁለቱን በሽቦ አገናኛቸው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ክፍሉ ቁጭ ብሎ የካርድ ቁጥር ሲመታ የበሽተኛው ራጅ ከነታሪኩ ይመጣለታል። ግሩም ነገር ነው፤ ከሆነው ሁሉ በኋላ እንኳ ግሩም ነው እላለሁ።

አንድ ሥራ ግን ቀረ። ባለሙያው "እነዚህ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሰዎች ይመስላሉ" ብሎ ረጅም ዝርዝር ሰጠኝ። ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ፣ ጾታቸው አንድ፣ ልደታቸው አንድ። የእያንዳንዱን የወረቀት ካርድ ከመደርደሪያ አስወጥቼ፣ ቀበሌውንና የአያቱን ስም አመሳክሬ፣ በእርግጥ አንድ ሰው ከሆነ ብቻ "አዋህድ" የሚለውን እንድጫን ነው የታዘዝኩት። "ተጠንቀቅ፤ አንዴ ከተዋሃደ ሁለት ሰው እንደነበረ ማንም አያይም" ብሎኛል። እሺ አልኩት። እሱ አውቶቡስ እንደተሳፈረ የካርድ ክፍሉን መጋዘን ከፍቼ አየሁ። አቧራ ነው፣ ክምር ነው፣ የአይጥ ኩስ ነው። "ኧረ ወዲያ!" አልኩ። ስም አንድ፣ አባት አንድ፣ ልደት አንድ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና አዋህድ፣ አዋህድ፣ አዋህድ። ከምሳ በፊት ጨረስኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ እንኳ አልለቀምኩም።

ከተዋሃዱት አንዱ የገዛ ወንድሜ ነበር። ከጉንደ ወይን በኩል ከመጣ አንድ ገበሬ ጋር አንድ ሰው አደረግኋቸው። ወንድሜ ቄስ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ቄስ የሚባል ነገር አይቀበልም። ቅስናው ሲወልቅለት ስሙና የአባቱ ስም ብቻ ይቀራል፣ መስከረም አንድ። የአባቱ ስም የኔም የአባቴ ስም ነው። እሱ እንኳ እጄን አላቆመውም።

ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ባለች ደብር ያገለግላል፣ በሥራ ቀን ያርሳል። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ ግን በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ስለሆነ ጋሼ እያልኩ አንተ ነው የምለው። እኔን ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። በተራዬ እንዳስተምራት ትልቋ ልጁን ለኔ ሰጠኝ፤ እኔ ቤት ተቀምጣ ከተማ ትማር ነበር፣ ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ከትምህርት ስትወጣ ራጅ ክፍል እየመጣች ትጠብቀኛለች። የድሮ ፊልሞች እየመዘዘች መስኮቱ ላይ ትለጥፍና "አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ትለኛለች። ልብ ነው፣ ድያፍራም ነው፣ የተሰበረ ጎድን ነው እላታለሁ። አንዴ የነገርኳትን ሁለተኛ አትጠይቅም። ሐኪም እሆናለሁ ትል ነበር፤ እንደምትሆንም አልጠራጠርም ነበር።

ከደብረ ወርቅ አካባቢ አንድ ዲያቆን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባታል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ለመቀሰስ ማግባት አለበት፣ የቄስ ልጅ ደግሞ የምትፈለግ ናት። ወንድሜ ሁለቱንም ጊዜ "ትምህርቷን ሳትጨርስ አላደርገውም" ብሎ መለሳቸው። ካህናቱ ታዘቡት። "እኔ ለነፍስ፣ እሷ ለሥጋ፤ ምን ክፋት አለው?" ይላቸው ነበር። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይህን ለማለት ወንድነት ይጠይቃል።

በኅዳር፣ አውድማ ላይ ሲወቃ ሰንብቶ ሳል ያዘው። አርብ ቀን መጣና እኔው ራሴ ራጅ አነሳሁት። ምስሉን ግን አላየሁትም፤ በሩን ይደበድቡታል፣ እኔም እየተሳደብኩ ቁልፉን ተጫንኩና ላክሁት። ሐኪሙ ወጥቶ ነበር። ወንድሜ "እሑድ ቀዳሽ ነኝ" ብሎ ተመለሰ፣ ለማክሰኞ ተቀጠረ። በመሐሉ ሰኞ ዕለት ያ የጉንደ ወይኑ ገበሬ፣ እሱም ሳል ይዞት፣ መጥቶ ራጅ ተነሣ። እሱንም "ያዝ!" ብዬ ጮኼበት ይሆናል። ፊቱን ያኔ አላየሁትም።

ማክሰኞ አንድ ወጣት ሐኪም የወንድሜን ካርድ ቁጥር መታ። ማኅደሩ የጋራ ሆኗልና ሁለት ምስል መጣለት፣ የቅርቡ ከላይ። የቅርቡን አነበበ። የገበሬውን ማለት ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተጻፈ አርብ ይሁን ሰኞ ማንም አላሰላም። ከዚያ ወደ ኮሪደር ጠራኝ። "ወንድምህ ናቸው አይደል? ሳንባቸው ላይ ትልቅ እብጠት አለ። ደግ ነገር አይመስለኝም። በአስቸኳይ አዲስ አበባ መላክ አለባቸው" አለኝ። በስክሪኑ ላይ አሳየኝ። እንደ እንቁላል የነጣ ነገር ቁጭ ብሏል። ዓይኔ ከእሱ ሌላ አላየም፤ አሥራ ምናምን ዓመት ራጅ ያነሣሁ ሰውዬ ከእሱ ሌላ አላየሁም።

አንባቢ እንዳይደናገር ያኔ ያላወቅሁትንም እዚሁ ልናገር። በማግሥቱ ረቡዕ ገበሬው ውጤት ሊሰማ መጣና ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ገባ። ኮምፒዩተሩ ያልተነበበ ምስል ካለ እሱን ያስቀድማል። ያልተነበበው የወንድሜ ነበር፤ ንጹሕ። "ሳንባህ ጤነኛ ነው" አሉት፣ የሳል መድኃኒት ሰጡት፣ እየመረቀ ሄደ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መርዶ ለበሽተኛው ይነገራል እንዴ? ለዘመድ ነው የሚነገር፤ ዘመዱ እኔ ነኝ። ወንድሜ አግዳሚ ወንበር ላይ መስቀሉን ይዞ ተቀምጧል። "ብርድ ነው ጋሼ፤ የውቂያው አቧራ ነው" አልኩት። "ይሄንንማ እኔስ መች አጣሁት! ለዚህ ነው ያመላለስከኝ?" ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ የዋሸሁት መስሎኝ። ለሐኪሙ ደግሞ "አዲስ አበባ አንልከውም" አልኩት። ለመላክ መንገር ሊኖርብን ነው። ደግሞም ይህ በሽታ ቢላ ከነካው ይበረታል ይባላል። ቢላክ ኖሮ እዚያ ሌላ ራጅ ይነሣ ነበር፣ ነገሩ ሁሉ በዚያው ያበቃ ነበር።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ልጅቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። ምስሉን ከፍቼ አፍጥጬበታለሁ። "የማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ደብተሮቿን መሬት ላይ አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ብዙ ቆየች።

"አጎቴ፣ ይሄ እኮ አባባ አይደሉም" አለች።

"ምን?"

"የአባባ የግራ አጥንታቸው ቆልማማ ነው። ይሄ ቀጥ ያለ ነው።"

ወንድሜ በድቁናው ዘመን የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሣር ሲከድኑ ወድቆ፣ ከአንገቱ ወደ ግራ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አስሮለት ጠምሞ ገጠመ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ በጣቴ ነክቼዋለሁ፤ እሷም በልጅነቷ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ነክታዋለች። ቀና ብዬ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? "አንቺ ደግሞ ራጅ ማንበብ ጀመርሽ? ሐኪሙ አይቶታል፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልታርመን ነው? ውጪልኝ!" ብዬ ጮኽኩባት። ደብተሮቿን ሰብስባ ወጣች።

ለወንድሜ ሚስትና ለጥቂት የሥጋ ዘመድ ነገርኩ። ሚስቱ ቀሚሷን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ድምፅ እንዳይወጣት አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ያለው ምክር አንድ ብቻ ሆነ። ሳይሞት የልጁን ወግ ይይ። ዲያቆኑ አለ፣ ጥር ቅርብ ነው፣ በተክሊል ትዳር። ቄስ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለው? ግን እሱ ትምህርቷን ሳትጨርስ አላደርገውም ብሏል፤ መሞቱን ሳይነግሩት በምን ያሳምኑታል? ሁሉም ወደኔ ዞሩ። "አንተን ይሰማሃል" አሉኝ። እውነት ነው፣ ይሰማኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ በስተጀርባ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። "ጋሼ፣ የልጅቱ ነገር አላማረኝም" አልኩት። "እንዴት?" አለኝ። "ከተማው እያበላሻት ነው። ከወንዶች ጋር አያታለሁ። ሳይመሽብን በጊዜ ብትሰበስባት ይሻላል።"

በመቋሚያው መሬቱን ይጭራል። ከዚያ "በዓይንህ አይተሃል?" አለኝ።

"አይቻለሁ።"

"በዓይንህ?"

"በዓይኔ ጋሼ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የዚያች ልጅ እግር ከትምህርት ቤት፣ ከቤቴና ከራጅ ክፍሌ አልፎ አያውቅም ነበር። ለበጎ ነው ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ይህን የምለው ማሩኝ ለማለት አይደለም። ለበጎ ብሎ የሚዋሽ ሰው ከሌላው ይልቅ ይደፍራል። ወንድሜ የዚያን ዕለት "አንተ ካልክ..." ብሎ ተነሣ፤ ሲነሣ አርጅቶ ነበር።

ልጅቷን ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ አላት፦ "አጎትሽ ነግሮኛል።" ሌላ አልጨመረም፤ ለመናገርም አፈረ። እሷ ከአማኑኤል ስትመለስ ቤቴ ገብታ ቆመች። "ምን ብለው ነው የነገሯቸው?" አለችኝ። "ለአባትሽ ብዬ ነው። ይሄ ሰው ፋሲካን አይደርስም። ወግሽን ሳያይ ቢሞት ይሻልሻል?" አልኳት። "አባባ አይሞቱም። ፎቶው የሳቸው አይደለም አልኩ እኮ! አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት፣ አጥንቱን ብቻ ይዩት!" ብላ ጮኸች። በጥፊ አልኳት። በሕይወቴ መትቻት አላውቅም ነበር። ጉንጯን ይዛ አየችኝና ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶው አላነሣችም።

ሠርጉ በጥር ሆነ። እንዲያ ያለ ሠርግ አይታችሁ አታውቁም። ከሙሽራዪቱ አባት በቀር ዘመድ ሁሉ ወንድሜ ሊሞት እንደሆነ ያውቃል፤ የማያውቀው ወንድሜ ብቻ ነው። አሮጊቶቹ እየተሰለፉ ትከሻውን ይስማሉ፣ ዞር ብለው እንባቸውን ይጠርጋሉ። እሱ ጸናጽሉን ይዞ ሲያሸበሽብ የተቀመጠው ሁሉ ያነባል። "ምን ሆናችኋል እናንተ? ሠርግ ነው ተዝካር?" አለና ሳቀ። ሳሉ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ፊቱም ሞልቷል። ይህን ያየች አንዲት አክስታችን "መብራት ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል" ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሙሽራዪቱ ከካባዋ ሥር እኔን ነበር የምታየው። ወደ ደብረ ወርቅ ይዘዋት ሲሄዱ ደብተሮቿ እኔ ቤት፣ አልጋዋ ሥር ቀሩ።

በመጋቢት፣ በጾሙ መካከል፣ ከጉንደ ወይን አንድ ሰው በቃሬዛ አመጡ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሚስቱ ውኃ በላስቲክ ይዛ ትከተላለች። ራጅ አነሣሁት፤ አየር ያዝ ስለው የሚይዘው አየር የለውም። ጥቂት ቆይቶ ያ ወጣት ሐኪም ጠራኝ። "ና እስቲ ይሄን እይ። ኅዳር ላይ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ ይሄን የሚያህል እብጠት። በሦስት ቀን ይበቅላል እንዴ?"

ንጹሑን ምስል አየሁት። የግራ አጥንቱ ቆልማማ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ማንም አይወቅ የሚል ነበር። "ኔትወርኩ ነው፤ አንዳንዴ ያቀላቅላል" አልኩት። "ይሄ ኔትወርክ!" አለ፤ ከዚያ ዓይኑ ከዓይኔ ገጠመና ማኅደሩን ዘጋው። ያን ምስል የወንድሜ ነው ብሎ ያነበበው እሱ ነው፤ መጠየቅ ለእሱም አይበጀውም። ክፍሌ ተመልሼ "ለይ" የሚለውን ተጫንኩ። ሁለት ሰዎች ሆኑ። አንዲት ጣት፣ አንዲት ደቂቃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ኮምፒዩተሩስ ወዲያው ለቀቀ፣ ያልለቀቅሁት እኔ ነኝ።

ሚስቱ ከኮሪደሩ ያዘችኝ። "ጌታዬ ዶክተር፣ ኅዳር ላይ ደኅና ነህ ብላችሁት ነበር እኮ። ያኔ ብትነግሩን ይተርፍ ነበር?"

"አይ እናቴ፣ የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው፤ ድንገት ነው" አልኳት።

"ፈቃዱ ነው እንግዲህ" አለችና እጄን ሳመች። እጄን አልሸሸሁትም።

ሰውየው ሆሣዕናን አልደረሰም። ሬሳውን ሲወስዱ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። "ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ለልጆቹ የማሳየው የለኝም፤ ያን ያነሣችሁትን ራጁን ስጡኝ" አለችኝ። "ፊልም ቀርቷል እናቴ፤ አሁን ኮምፒዩተር ውስጥ ነው የሚቀመጥ" አልኳት። ኮምፒዩተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች።

ልጅቷ ግን ገና ጊዜ ነበራት፤ ይህን አውቃለሁ። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ፎርሙንም ቀድማ ሞልታለች። ባሏ ደግ ልጅ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር ተመልሳ ትቀመጥ ነበር። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ወርቅ ሄድኩ። የቀረውን በእግሬ። ደብተሮቿንም በፌስታል ይዤላት ነበር። ደጅ ላይ ባቄላ ስትለቅም አገኘኋት። ተነሥታ ጉልበቴን ስማ፣ እጄን አስታጥባ አስቀመጠችኝ። ሥርዓት አላጎደለችም።

"አባባ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ነው። ያርሳል፣ ይቀድሳል።"

ባቄላዋን እየለቀመች ቆየች። "ፎቶው የሳቸው አልነበረም፣ አይደል?" አለች።

ለዚህ ነበር የመጣሁት። አዎ ብል የሚቀጥለው ይመጣል፤ ለምን በዓይኔ አየሁ አልክ ይለኛል ወንድሜ። ጉንደ ወይን ያለችው መበለት ትመጣለች። ጋውኑ ይወልቃል። "የእሱ ነበር። እግዚአብሔር ነው የማረው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "የትከሻቸውን አጥንትም እግዚአብሔር ነው ያቃናው?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተነሣሁ። ደብተሮቹን ይዤ ሄጄ፣ ይዤ ተመለስኩ። በፈተናው ሳምንት እሷ ነፍሰ ጡር እንደነበረች ኋላ ሰማሁ።

ወንድሜ በዓመቱም አልሞተም። ያን ጊዜ ሚስቱ "ሞተው ነበር እኮ አንቱ፣ ደብቀንዎት ነው" ብላ ነገረችው። አገሩ ሁሉ ተአምር ነው አለ። ወንድሜም በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን ይዘክራል፤ ከሞት ላወጣችኝ እያለ። እኔም በየዓመቱ እጠራለሁ፣ እሄዳለሁ። መቅረት ያስጠይቃላ።

ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ቤቱ በካህናት ሞልቷል። ልጅቷ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር መጥታ ጠላ ትቀዳለች። ባሏ ቀስሷል። ወንድሜ ሽማግሌ ሆኖ፣ ያን ጠማማ ትከሻውን ቀና ለማድረግ እየታገለ፣ ከመቀመጫው ተነሣ። ስለ ተአምሩ ተናገረ፣ ሰዉ እልል አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ይህ ወንድሜ፣ በሞቴ ጊዜ ጭንቄን ለብቻው የተሸከመልኝ፣ ልጄን በጊዜ እንድሰበስብና ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃት ዓይኔን የከፈተልኝ፣ የእሱን ዓይን አምላኬ ይጠብቅልኝ። ያየውን የማይደብቅ ወንድም ለሁላችሁም ይስጣችሁ" አለ።

"አሜን!" አለ ቤቱ በሙሉ።

እኔ ዝም አልኩ። ልጅቷ ማሰሮዋን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ ዋንጫዬን ሞላችልኝ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰችም።

"አሜን ይበሉ እንጂ አጎቴ፤ ምርቃት እኮ ነው" አለችኝ።

አሜን አልኩ።